የአሮጌ ቫን ታምቡር ለማውለቅ የገዛኋቸው መሣሪያዎች፦ የትኛው ጠቀመኝ፣ የትኛው ሊቆይ ይችል ነበር

ለዓመታት ቆሞ የኖረ አሮጌ ቫን የኋላ ፍሬኑን ለመጠገን ስነሣ፣ ከሥራው ሁሉ ከባዱ አዲስ የፍሬን ሸራ መግጠም እንደማይሆን አስቀድሜ ገምቼ ነበር። የሞላዎቹን አቀማመጥ አስተውሎ ለሚፈታ ሰው ሸራ መቀየር ልብ ከሰጡት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ቀኑን የሚበላው ታምቡሩን፣ ማለትም ሸራዎቹ ከውስጥ ሲጫኑት ጎማውን የሚያቆመውን ከበሮ መሰል ብረት፣ ከቦታው ማንቀሳቀስ፣ የዛገ ብሎን ሳይሰብሩ መፍታትና የፍሬን ዘይት የሚያመጣውን ቱቦ ሳይጠመዝዙ ማላቀቅ ነው። ለዚሁ ብዬ አምስት ነገሮችን ገዛሁ፤ እነሱም ዝገት አላቃቂ ዘይት፣ በመዶሻ እየተመታ የሚያዞር መፍቻ፣ ባለሦስት እግር ፑለር (የተጣበቀን ክፍል ጨብጦ የሚስብ መሣሪያ)፣ የቱቦ መፍቻ፣ እንዲሁም የሞላ ፒንሳና የማስተካከያ ማንኪያ በአንድነት የያዘ አነስተኛ ስብስብ ናቸው። የአምራቾቻቸውን ስም ያልጠቀስኩት ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው መሣሪያዎች በብዙ ስም ስለሚሸጡና ለገዢው የሚጠቅመው አሠራራቸውን መመርመር ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ከአምስቱ ውስጥ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ እንዲይዛቸው ያለማመንታት የምመክረው በመዶሻ የሚመታውን መፍቻና የቱቦ መፍቻውን ነው። ፑለሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ታምቡር እምቢ ባለው ቁጥር መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ ስለ እሱ አጥብቄ እናገራለሁ። ታምቡሩን የያዘው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ በፑለር መሳብ ያለውን ጉዳት ላይ ጉዳት መጨመር ነው።

ታምቡርን የሚይዙት ነገሮች በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዝገት ነው፤ ታምቡሩ መሐል ላይ ያለው ቀዳዳ ሞዞ በምንለው የጎማ እምብርት ላይ ልክክ ብሎ ስለሚገባ፣ በመካከላቸው ያለችው ጠባብ ክፍተት በዝገት ስትሞላ ሁለቱ እንደ አንድ ብረት ይሆናሉ። ሁለተኛው የፍሬን ሸራው ራሱ ነው፤ ሸራው የሚያርፍበት የታምቡሩ ውስጣዊ ገጽ በአገልግሎት ብዛት ሲበላ፣ ያልተበላው የውጭ ጠርዝ እንደ ከንፈር ጎልቶ ይቀራል፤ በማስተካከያው አማካይነት ወደ ውጭ የተገፉት ሸራዎችም ከዚያ ከንፈር ኋላ ገብተው ታምቡሩን አናስወጣም ይላሉ። ሁለቱን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ታምቡሩ በእጅ የሚዞርና ሲሳብ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወጥቶ የሚቆም ከሆነ የያዘው ሸራው ነው፤ ወደ ውጭ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ደግሞ ዝገቱን መጠርጠር ይገባል። በእኔ ቫን ግራው የመጀመሪያው፣ ቀኙ የሁለተኛው ዓይነት ስለነበር መሣሪያዎቹን በሁለቱም ሁኔታ ለመፈተን ዕድል አገኘሁ። ይህን ሁሉ ከማድረግ በፊት የፊት ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ በሽብልቅ መያዝ አለባቸው፤ ምክንያቱም የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ ስላለበት መኪናውን የሚይዝ ሌላ ነገር የለም፤ መኪናውም በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መቆሚያ ላይ ማረፍ ይኖርበታል።

የግራውን ታምቡር ያስወጣልኝ በስብስቡ ውስጥ የነበረው የማስተካከያ ማንኪያ ነው። ከታምቡሩ በስተኋላ ባለው ላሜራ ላይ በጎማ ክዳን የተደፈነ ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ ክዳኑ ሲነሣ የሸራዎቹን ርቀት የሚወስነው ባለጥርስ ማስተካከያ ይታያል። ማስተካከያው በራሱ የሚጠብቅ ዓይነት ከሆነ ጥርሱ ላይ የምታርፍ ትንሽ ምላስ ስላለች ወደ መላላት አቅጣጫ አይዞርም፤ ስለዚህ ምላሷን በቀጭን ካቻቢቴ ገፋ አድርጎ ይዞ ጥርሱን በማንኪያው አንድ በአንድ ማዞር ያስፈልጋል። የገዛሁት ማንኪያ ጫፉ ቀጭን፣ አንገቱም በሁለት የተለያየ ማዕዘን የታጠፈ በመሆኑ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ጥርሱን ያለ ችግር ያገኘዋል። አቅጣጫው በግራና በቀኝ ጎማ ሊለያይ ስለሚችል፣ ጥቂት ጥርስ ካዞሩ በኋላ ታምቡሩን በእጅ አዙሮ መሞከር ይበጃል፤ የባሰ ከያዘ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ እየተኬደ ነው ማለት ነው። የእጅ ፍሬኑን ገመድም ከማስተካከያው ላይ ፈጽሞ ማላላት ይገባል፤ የተወጠረ ገመድ ሸራዎቹን ወደ ውጭ እንደገፋ ስለሚያቆያቸው ማንኪያው ብቻውን አይበቃም። ከሃያ ጥርስ ያላነሰ ካዞርኩ በኋላ ታምቡሩ በሁለት እጄ እየተወዛወዘ ወጣ። ይህንን ታምቡር በፑለር ስቤው ቢሆን ኖሮ ሸራዎቹን ከጀርባ ላሜራው ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ዘንጎች ይበጠሱ፣ ላሜራውም ይጣመም ነበር።

አሁን ታምቡሩ ከመሳቡ በፊት መፈታት ወዳለባቸው ብሎኖች ልምጣ። በብዙ መኪኖች ታምቡሩን ከሞዞው ጋር የሚይዙ አንድ ወይም ሁለት ትናንሽ ባለመስቀል ራስ ብሎኖች አሉ። እነዚህ ብሎኖች በጉዞ ጊዜ ታምቡሩን የሚይዙ አይደሉም፤ ያንን ሥራ የሚሠሩት የጎማው ዳዶዎች ናቸው፤ ብሎኖቹ ጎማው በሚወልቅበት ጊዜ ታምቡሩ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ይይዙታል። ይሁን እንጂ ራሳቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ታምቡሩ ገብቶ ስለሚቀመጥ ዝገት በቀላሉ ይይዛቸዋል፤ በተራ ካቻቢቴ የሞከረ ሰው ደግሞ የመስቀሉን ጥርብ በልቶ ይተወዋል። በመዶሻ የሚመታው መፍቻ ይህን ችግር የሚፈታው በአሠራሩ ነው፦ ኋላው በመዶሻ ሲመታ በውስጡ ያለው ጠምዛዛ መንገድ የምቱን ኃይል ወደ መዞር ይቀይረዋል፤ በዚያው ቅጽበት ጫፉ ወደ ብሎኑ ራስ ስለሚጫን ተንሸራቶ የመውጣት ዕድል አያገኝም። ከዚህም በላይ ምቱ ራሱ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ዝገት ያናጋል። እኔ በሦስተኛው ምት ሁለቱንም የግራ ብሎኖች ፈታሁ።

ስለዚህ መሣሪያ ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። የመጀመሪያው ስለ ጫፎቹ ነው፤ አብሮት በመጣው ሣጥን ውስጥ ካሉት ውስጥ ትልቁ ባለመስቀል ጫፍ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ በቀኙ ጎማ ላይ ጫፉ ተላጠብኝ፤ በተናጠል የተሸጠ ጠንካራ ጫፍ ገዝቼ ስተካ ግን ሥራው ቀጠለ። ሁለተኛው ስለ መስቀሉ ቅርጽ ነው። የጃፓን መኪኖች ላይ ያሉት መስቀሎች ከተለመደው የፊሊፕስ መስቀል በጥቂቱ የተለየ የጃፓን ደረጃ አላቸው፤ የፊሊፕስ ጫፍ የገባ መስሎ ቢታይም እስከ ታች ስለማይቀመጥ ጥርቡን ይበላዋል። ስለዚህ የሚገዛው ጫፍ ለየትኛው ደረጃ እንደተሠራ ማጣራት ዋጋ አለው። ሁሉም ነገር እምቢ ካለ ደግሞ ከብሎኑ አካል ጥቂት በሚወፍር መብሻ የብሎኑን ራስ ብቻ በስቶ ማንሣት ይቻላል፤ ታምቡሩ ከወጣ በኋላ ከሞዞው ላይ ጎልቶ የሚቀረው ቁራጭ በሚቆለፍ ፒንሳ ተይዞ ይወጣል።

ቀኙ ጎማ ትዕግሥቴን የፈተነው ነው። ማስተካከያውን ፈጽሞ ካላላሁና ብሎኖቹን ካወጣሁ በኋላም ታምቡሩ አልተንቀሳቀሰም። ዝገት አላቃቂ ዘይቱን በሞዞው ዙሪያና የጎማ ብሎኖቹ በሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ በጥቂት በጥቂቱ ረጭቼ አሳደርኩት። እዚህ ላይ ስለ ዘይቱ ምርጫ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው በየቤቱ የሚያገኘው ደብሊው ዲ 40 በ1953 ሲሠራ የታለመለት ሥራ ውኃን ማስወገድና ብረትን ከዝገት መከላከል ነበር፤ ስሙም ውኃ ለማስወገድ የተደረገ 40ኛ ሙከራ ማለት ነው። ለተጣበቀ ብረት ግን በተለይ ለሰርጎ ገብነት የተዘጋጀ ቀጭን ዘይት መምረጥ እመርጣለሁ። የገዛሁት ዘይት በዚህ ረገድ ጥሩ ነው፤ በጠባቡ ስንጥቅ ውስጥ ሲሰርግ በዓይን ይታያል። የማልወድለት የመርጫ ቧንቧው ነው፤ ከራሱ ላይ በቀላሉ ስለሚወልቅ ዘይቱ ወዳልተፈለገ ቦታ ይረጫል፤ በፍሬን ሥራ ላይ ደግሞ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። ዘይት የነካው ሸራ መያዝ ስለማይችል መቀየር አለበት፤ ከነዳጅ የተሠራ ዘይት ሸራዎቹን በሚገፋው የፍሬን ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ጎሚኒ፣ ማለትም የፍሬን ዘይቱ እንዳያፈስ የሚያግደውን የላስቲክ ክፍል፣ ከነካም ያሳብጠዋል።

በብዙ ታምቡሮች ፊት ላይ ሁለት ባለጥርስ ቀዳዳዎች ይገኛሉ፤ በቶዮታ መኪኖች ላይ ዘወትር 8 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.25 ሚሊ ሜትር የጥርስ ርቀት ያለው ብሎን የሚቀበሉ ናቸው። ብሎኖቹ ሲጠብቁ ጫፋቸው በሞዞው ገጽ ላይ ያርፍና ታምቡሩን ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ከዚህ የተሻለ ማውለቂያ አላየሁም፤ ምክንያቱም ኃይሉ የሚያርፈው ዝገቱ ባለበት በመሐሉ አጠገብ ነው። ሁለቱን ብሎኖች በየተራ ከሩብ ዙር ያልበለጠ እያጠበቁ መሄድ ግን ግድ ነው። ታምቡሩ ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ፣ ጠንካራ ቢሆንም አይለመጥም፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተገፋ ይሰነጠቃል። በእኔ ቀኝ ታምቡር ላይ ግን ከሁለቱ ቀዳዳዎች የአንዱ ጥርስ ከዚህ በፊት ተበልቶ ስለነበር ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞራል። ፑለሩን ያነሣሁት ያኔ ብቻ ነው።

ፑለሩ ሦስት እግር፣ መሐሉ ላይም ረጅም ባለጥርስ ዘንግ ያለው የተለመደው ዓይነት ነው። የሚያስመሰግነው ዘንጉ ነው፤ ጥርሱ ደቃቅና በንጽሕና የተቆረጠ ስለሆነ በመጠኑ በረዘመ መፍቻ ከፍተኛ ኃይል ይሰጣል፤ ሹሉ ጫፉም በአክሱ ጫፍ መሐል ላይ ባለችው ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ በትክክል ይቀመጣል። የማያስመሰግነው የእግሮቹ ጫፍ ነው። በታምቡሩ ጠርዝና በጀርባ ላሜራው መካከል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው፤ የእግሮቹ ጫፍ ግን ወፍራም በመሆኑ ጠርዙን ለመያዝ የሚገባው ጥቂት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ አንዱ እግር አምልጦ ከጠርዙ ላይ ፍንጣሪ አነሣ። በሁለተኛው ሙከራ ሦስቱን እግሮች በወፍራም የብረት ማሰሪያ ዙሪያቸውን ጠፍሬ ስለያዝኳቸው ወደ ውጭ መከፈት አልቻሉም። አምራቾቹ ይህን ማሰሪያ አብረው ቢሰጡ፣ የጫፎቹንም ውፍረት በግማሽ ቢቀንሱ ለታምቡር የሚሆን መሣሪያ ይሆን ነበር፤ እንደ አሁኑ ከሆነ ግን ለመዘውርና ለኩሽኔታ የተሠራ መሣሪያ ታምቡር ላይ ውሎ ነው የሚቆጠረው።

አጠቃቀሙ ላይ የተማርኩት ነገር አለ። ዘንጉን ያለ ልክ ማጥበቅ ትርፉ ጠርዙን መስበር ነው። ወጥሮ መተው፣ ከዚያም የዘንጉን ራስ በመዶሻ ቀጥ አድርጎ አንድ ጊዜ መምታት፣ እንዲሁም የታምቡሩን ፊት በጎማ ብሎኖቹ መካከል ዙሪያውን መታ መታ ማድረግ ይሻላል፤ የሚመታው ፊቱ እንጂ ፈጽሞ ጠርዙ መሆን የለበትም። እንደዚያም ሆኖ እስከሚቀጥለው ቀን አልወጣም፤ ያወጣው ሙቀት ነው። በእጅ በሚያዝ የጋዝ መለብለቢያ የታምቡሩን መሐል በሞዞው ዙሪያ በፍጥነት አሞቅኩት። ጊዛ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በ0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም የዝገትን እስራት ለመበጠስ ይበቃል። ፍጥነቱ የተፈለገው ሞዞው ራሱ ሞቆ አብሮ እንዳይሰፋ ነው። ይህ ሥራ ጥንቃቄ ይሻል፤ ቀደም ብሎ የተረጨው ዘይት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የነካው ብረት ደግሞ በነበልባል ሲመታ እጅግ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ በፍጹም መሞቅ የለበትም፤ ረዘም ያለ ሙቀትም የኩሽኔታውን ግራሶ ያቀልጣል። ታምቡሩ የለቀቀው እንደ ጥይት በሚሰማ ድምፅ ነው። ሁለት የጎማ ዳዶዎችን በጥቂት ጥርስ ብቻ አስሬ ትቼ ስለነበር እነሱ ላይ ቆመ እንጂ ከነፑለሩ እግሬ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ይህን ሳያደርግ ማንም ሰው ፑለር እንዳይወጥር አጥብቄ እለምናለሁ።

የሞላ ፒንሳውን በአጭሩ ላንሣው። ሞላዎቹን በተራ ፒንሳና በካቻቢቴ ማውለቅ ይቻላል፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው እንዲያ ነው፤ ነገር ግን ተወጥሮ የሚያመልጥ ሞላ ዓይን ያጠፋል። ፒንሳው ሞላውን አጥብቆ ይዞ ወደ ማስገቢያው ይመራዋል። ጥሩ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም። በዚህ ደረጃ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው አቧራው ነው። በአሮጌ መኪና ላይ ያለ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል፣ በታምቡሩ ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ በአፍም ሆነ በአየር ግፊት መንፋት ክልክል ነው፤ በውኃ አርጥቦ በጨርቅ ማንሣት፣ ጨርቁንም በከረጢት አስሮ ማስወገድ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኩት የቱቦ መፍቻውን ነው። የቀኙ ሲሊንደር ዘይት ያፈስ ስለነበር መቀየር ነበረበት፤ ለዚህም ከኋላው የሚገባውን የቱቦ ዳዶ መፍታት ያስፈልጋል። ተራ ክፍት መፍቻ ዳዶውን የሚይዘው በሁለት ጎኑ ብቻ በመሆኑ የዛገ ዳዶ ማዕዘኑ ተበልቶ ክብ ይሆናል። የቱቦ መፍቻ ግን ቀለበቱ ቱቦው በሚያልፍበት ስፋት ልክ ብቻ የተከፈተ ስለሆነ ዳዶውን በአምስት ጎኑ ይይዘዋል። የእኔ 10 እና 11 ሚሊ ሜትር አፍ አለው፤ በብዙ መኪኖች ላይ የሚፈለጉትም እነዚሁ ናቸው። አፉ ወፍራምና በኃይል ሲሳብ የማይከፈት መሆኑን ከመግዛት በፊት ማየት ያሻል፤ ስስ የሆነው ሲወጠር ይከፈትና ከክፍት መፍቻ አይሻልም። ይሁን እንጂ መፍቻው ሊያሸንፈው የማይችል ሁኔታም አለ፤ ዳዶው ከቱቦው ጋር ዝጎ ከተያያዘ ዳዶው ሲዞር 4.76 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ አብሮ ይጠመዘዛል። ቱቦውን በዓይን እየተከታተሉ መሥራት፣ መጠምዘዝ ሲጀምር ወዲያው መልሶ ማጥበቅና ወዲያና ወዲህ በጥቂቱ ማንቀሳቀስ ነው የሚያድነው። የእኔ በስድስተኛው ምልልስ ተፈታ።

በፍሬን ዘይቱ ውስጥ የገባ አየር የሚወጣባትን የሲሊንደሩን የአየር ማስወጫ ብሎን በተመለከተ አንድ ነገር ቀርቶኛል። በግራው ጎማ ሲሊንደሩን ስለማልቀይር እሷን መፍታት ነበረብኝ፤ መሐሏ ክፍት ስለሆነ ግን በቀላሉ ትሰበራለች። በቀዳዳዋ ልክ የሆነ የመብሻ ግንድ ውስጧ ከቼ፣ ጫፏን በትንሽ መዶሻ ጥቂት ጊዜ መትቼ፣ ቀጥሎም ባለስድስት ማዕዘን መፍቻ ተጠቅሜ ሳትሰበር ወጣችልኝ። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በስብስቡ ውስጥ የለም፤ አስፈላጊም አይደለም።

ከመግጠሜ በፊት የሁለቱንም ሞዞዎች ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ቀባሁ፤ የታምቡሮቹን ውስጣዊ ስፋት ለክቼ በላያቸው ከታተመው ከፍተኛ ልክ እንዳላለፈ አረጋገጥኩ፤ ጎልቶ የነበረውንም ከንፈር አስላጨሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሸራዎቹ እንዴት እንደተቀመጡ ለማየት ቀኙን ጎማ መልሼ ስፈታ ታምቡሩ በእጅ ብቻ ወጣ። የተበላውን ጥርስ በአዲስ ያስቆረጥኩለት ቀዳዳም አለ፤ ታምቡሩን የሚገፉት ሁለቱ ብሎኖች በቫኑ መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ፑለሩ ግን ሌላ ሥራ እስኪገኝለት መደርደሪያ ላይ ነው።